ከማንጠግቦሽ ማሳ የተዘገነ አፈር

«አፈሩን ዝም ብሎ አልዘገነውም። ይህን ያህል የተማረ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ለጨዋታ አፈር በፌስታል አይቋጥርም። ሴትዮዋ ሳትነቃ ዛሬውኑ መጨረስ ነው።»

ድምፁ የመጣው ከቺፑዱ ግድግዳ ማዶ ነው። ፕሮፌሰር የኔሰው ገና ከአልጋው አልወረደም፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ ተጋድሟል። የደባርቅ የጥቅምት ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ እየሾለከ ጆሮውን ይቆረጥመዋል፤ ከማዳበሪያ ጆንያ የተሰፋው ኮርኒስ ነፋስ በገባ ቁጥር ይነፋና መልሶ ይሟሽሻል። መጀመሪያ ስለ ሌላ ሰው የሚወራ መስሎት ነበር። ከዚያ የታናሽ ወንድሙን የገዱን ድምፅ ለየ። ገዱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያንሾካሹክ ቃላቱን ይጎትታቸዋል። በቤቱ በኩል ችግር እንደሌለ፣ ታላቅ ወንድሙም እምቢ እንደማይለው፣ ማንጠግቦሽ ግን ብልህ ሴት ስለሆነች ነገሩን ማስረዘም እንደማያስፈልግ እየጎተተ ተናገረ። ሌላኛው ድምፅ ትናንት ማታ እራት ላይ የተዋወቀው የክንዴ ነበር፤ በዋናው መንገድ ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ዛሬ ሱቁን ሳይከፍት በጠዋት የመጣ ነጋዴ።

የኔሰው ሳይፈልግ የሰማውን ገጣጠመው። ዳባት ላይ ያለው የአባታቸው ቤት ለማንጠግቦሽ ይሰጣታል። በልዋጩ እሷ ከከተማው ጫፍ ያለውን ማሳዋን በሃያ አምስት ዓመት ኪራይ ስም ለገዱና ለክንዴ ትለቃለች። የመቆፈሪያውን ወጪ ክንዴ ይችላል፤ ከመሬቱ ስር የሚወጣውን ሁለቱ እኩል ይካፈላሉ። ፊርማው ከሰዓት በኋላ እዚያው ዳባት፣ ምስክር ባለበት ነው። ይህ ሁሉ የተጠነሰሰው እሑድ ዕለት እሱ ራሱ የአባቱን ቤት ሊያይ ሄዶ፣ እስከ ከተማው ጫፍ ወርዶ፣ ከማንጠግቦሽ የገብስ ማሳ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር ስለያዘ ነው። ማንጠግቦሽ ያኔ ደጇ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ልዝገን ወይ ሲላት በእጇ «ዝገን» አለችው፤ ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችውም።

ጉዱን ያመጣችው «ማዕድን» የምትባለው ቃል ናት። የኔሰው ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ ኢንዛይም ላይ ነው፤ በደም ውስጥ የሚኖር፣ ሰውነት የተጠቀመበት አየር ወደ ሳንባ ደርሶ እንዲወጣ የሚያግዝ፣ መሐሉ ላይ አንዲት የዚንክ አቶም የተቀመጠችበት ነገር። ዚንኳ ከወጣች ኢንዛይሙ በድን ነው፤ ከተመለሰች ሥራውን ይጀምራል። ይህን ለማወቅ ስዊድን ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም አዲስ አበባ፣ መብራትና ውሃ በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ፣ ሰላሳ ዓመት ሠራ። ዘንድሮ ጡረታ ይወጣል። ከዓመታት በፊት አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ጋብዞት፣ ማዕድናት በሰውነት ውስጥ ስለሚሠሩት ሥራ ረዘም አድርጎ ካስወራው በኋላ «የማዕድን ተመራማሪው ፕሮፌሰር የኔሰው» ብሎ አሰናበተው። ከወሬው ሁሉ ደባርቅና ዳባት የደረሰችው ይህች ስንብት ብቻ ናት። እናቱ እስክትሞት ድረስ ልጇ ከመሬት ስር ያለውን የሚያይ ሰው መሆኑን ለጎረቤት ስትናገር ኖረች። እሱም ለዓመት በዓል መጥቶ «አሁንም ማዕድኑን ነው?» ሲሉት «አዎ፣ እሱኑ ነው» ይል ነበር። ማስረዳቱ ረጅም ነው፤ ለበዓል የመጣ ሰው ደግሞ ይቸኩላል። ወሎ፣ ደላንታ ላይ ኦፓል መውጣቱ ከተሰማ ወዲህማ በየገደሉ ድንጋይ የሚገለብጠው ሰው በዝቷል።

ቁርስ ሲቀርብ ክንዴ ሄዷል። የገዱ ሚስት ይመኙሻል ትኩስ የገብስ ቂጣና ሻይ አቅርባ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ወንድማማቾቹ ፊት ለፊት ሆነው ይበላሉ። ገዱ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ጸሐፊ ነው፤ ሰሜን ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች በቅሎና ጫኝ ይመድባል። ሥራው በጋውን ያበላል፤ ክረምት ሲገባና ቱሪስት ሲጠፋ ቤተሰቡን የሚያሻግረው የዳባቱ ቤት ኪራይ ነው። ስለ ሽንኩርት መወደድ ተወራ። ስለ ሲሚንቶ መጥፋት ተወራ። ይመኙሻል ማድቤቱን በብሎኬት ለማሠራት አስባ ቆርቆሮው በየሳምንቱ እየጨመረ እንዳስተዋት ተናገረች። ገዱ ከወንድሙ ዓይን እየሸሸ ቂጣውን ከሚገባው በላይ ያኝካል። በመጨረሻ ከሰዓት ወደ ዳባት ብቅ እንደሚል ጣል አደረገ። የኔሰው እሱም ሊሄድ እንዳሰበ መለሰ። ለምን እንደሆነ አልተጠያየቁም። ገዱ ጃኬቱን ደርቦ ሲወጣ ይመኙሻል ሰሃኑን እያነሳች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ልጆቹን የሚያለብሳቸው የዳባቱ ቤት ኪራይ ነው። ገዱ የሚያደርገውን ያውቅ ይሆናል። ብቻ እርስዎ እውነት ነው ካሉኝ እኔም አርፌ እተኛለሁ።»

እውነት አለመሆኑን ሊነግራት አፉን ከፈተ። ደጅ ላይ ግን ገዱ የአንድ ጫኝ ስም እየጠራ ነበር፤ ወንድሙ ሳይሰማ ለሚስቱ መንገር ነውር ሆኖ ታየው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ልትታለል የተዶለተባት ሴት መስማት አለባት። ይመኙሻልን እስከ ማታ እንድትታገሠው ለምኗት ወጣ።

የዳባቱ ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ብዙ አስቀመጣቸው። አጠገቡ የተቀመጠው ከአምቢኮ የወረደ ገበሬ ነበር፤ ወፍራም ጋቢ ለብሶ ጉልበቱ ላይ የዘር ድንች ከረጢት አቅፏል። ፊቱን ደጋግሞ ሲያጠና ቆይቶ የማዕድኑ ሰው እሱ እንደሆነ ጠየቀው፤ መልስ ሳይጠብቅም ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ድንጋይ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። የኔሰው ድንጋዩን አገላብጦ አይቶ ተራ ባልጩት መሆኑን፣ ግንበኛ እንኳ እንደማይፈልገው ነገረው። ሰውየው ፈገግ አለ። ድንጋዩን ከቅድሙ ይልቅ አጥብቆ ጠቀለለና ወደ ውስጠኛው ኪሱ ከተተው፤ ነገሩ እንደገባው፣ ለማንም እንደማያወራ በሹክሹክታ አረጋገጠለት። እስከ ዳባት ድረስም ደረቱን በእጁ ደግፎ ሄደ። የኔሰው በመስኮቱ የሚያልፈውን የገብስ ማሳ እያየ፣ ዛሬ «የለም» ማለት ምን ያህል ከባድ ሥራ እንደሚሆን አሰበ።

ማንጠግቦሽን ያገኛት ደጇ ላይ የባቄላ እሸት ስትፈለፍል ነው። ቤቷ ከማሳው ራስጌ ያለች፣ ምርጊቷ ከፊል የረገፈ አንዲት ክፍል ናት። ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አንዲት ልጇ ጎንደር አግብታ ቀርታለች። ከየኔሰው ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ከጉልበቷ በስተቀር ሁሉ ነገሯ ቀልጣፋ ነው። የሚቀመጥበት ድንጋይ አሳየችው፤ ጥቂት እሸት ዘግና ሰጠችው። እሱም ሳያንዛዛ ነገራት። ገዱና ክንዴ ማሳዋን የፈለጉት ከስሩ ማዕድን አለ ብለው መሆኑን፣ ሳትነቃ ሊያስፈርሟት መዶለታቸውን ተናገረ። ማንጠግቦሽ መፈልፈሏን አላቆመችም። ይህን ከእሑድ ማታ ጀምሮ እንደምታውቅ፣ እሱ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ገና ሳይርቅ ሰፈሩ በሙሉ እንደነገራት ገለጸችለትና ቀና ብላ አየችው።

«እኔ የማላውቀው አንድ ነገር ነው። አለ ወይስ የለም?»

«የለም፣ እትዬ ማንጠግቦሽ። አፈሩን የወሰድኩት ያለውን ፍለጋ አይደለም፤ የጎደለውን ልመዝን ነው።»

ዚንክ የምትባል ነገር እንዳለች፣ አፈር እሷን ሲያጣ ገብሱም እንደሚያጣት፣ ያን ገብስ ብቻ እየበላ ያደገ ልጅ ቁመቱ እንደሚያጥር፣ ቁስሉም ቶሎ እንደማይሽር አስረዳት። ዕድሜውን ሙሉ በደም ውስጥ ሲያያት ኖሮ አሁን ጡረታ ሲወጣ በተወለደበት አገር አፈር ውስጥ ሊፈልጋት እንዳሰበ ነገራት። ማንጠግቦሽ በጥሞና ሰማችው። ሁለት ልጆች ቀብራለች፤ ምን እንደጎደላቸው የነገራት ሰው አልነበረም። እሸቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

«እንግዲያው ይህን ለማንም አትንገር» አለችው። «ያባትህን ቤት የኋላ ክፍል አከራየኝ ብዬ ገዱን ስንት ዓመት ለመንኩት፤ ለአስተማሪ ነው የማከራየው አለኝ። ክንዴ በዚህ ሲያልፍ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። ከእሑድ ወዲህ ስኳር ይዞ መጣ፤ ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎ አለኝ። ከእሑድ ወዲህ ሰው ሆኛለሁ። ውሃ ደጁ ላይ ያለ፣ ቅዳሴ የሚሰማበት ቤት ሊሰጡኝ ነው። እኔ አልዋሸኋቸው። አንተም አትዋሽ። ዝም ብቻ በልልኝ፤ ለአንድ ከሰዓት።»

እሺም እምቢም ሳይላት ተነሣ። ወደ አባቱ ቤት የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ እሱ ግን አስረዘመው። ሊያድናት የመጣው ሴት ሊያታልሏት የመጡትን ሰዎች ቀድማ መዝናቸዋለች። ዝም ቢል ማንም እሱን ውሸታም አይለውም። ይመኙሻል ግን ክረምት ሲገባ ልጆቿን ይዛ ባዶ እጇን ትቀራለች። ቢናገር ደግሞ ይህች ሴት ወደዚያች ምርጊት የረገፈ ክፍል ትመለሳለች፤ ክንዴም ነገ ሰላም ሳይላት ያልፋል። በሥራው ዓለም እውነት ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ተናጋሪውን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ጉዳቱን የሚሸከሙት ሌሎች ናቸው።

የአባታቸው ቤት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። ሁለቱን የፊት ክፍሎች አስተማሪዎች ተከራይተውታል፤ አሁን ትምህርት ቤት ናቸው። የኋላው ክፍል የአባታቸው አልጋና የድንች ከረጢት እንደታጨቀበት ተቆልፎ ይኖራል። ግቢው ውስጥ ቧንቧ አለ። ገዱ ቀድሞ ደርሶ አግዳሚ ወንበሩን በጨርቅ ይጠርጋል፤ አጠገቡ በጀሪካን ጠላ አስቀምጧል። ክንዴ ምስክሮቹን ሊያመጣ ሄዷል። የኔሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጠዋት የተባባላችሁትን ሰምቻለሁ፣ ገዱ። ከማንጠግቦሽ ማሳ ስር ምንም የለም።»

ገዱ መጥረጉን ቀጠለ። አንዱን ቦታ ደጋግሞ ጠረገው። ከዚያ ጨርቁን ጣለና ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ለኔ እንኳ፣ ጋሼ? እማዬ ስትሞት ለቀስተኛው ሁሉ ወንድምህ ምን አገኘ እያለ ይጠይቀኝ ነበር። መንግሥት እንዳይናገር ከልክሎታል እላለሁ። ምን ልበል? የምትሠራውን አላውቀው። ስትመጣ ስትሄድ ሰላሳ ዓመት ሞላህ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ነግረኸኝ አታውቅም። ዛሬ የለም ስትለኝ በምን ልመንህ?»

የኔሰው ለተማሪዎቹ እንደሚናገረው ሊጀምር ፈለገና ተወው። እንዲቀመጥ በእጁ ጠቆመው፤ ገዱም ከአግዳሚው ሌላኛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የኔሰው ከቄራ ጀመረለት። ወጣት ሳለ ጎህ ሲቀድ አዲስ አበባ ቄራ እየሄደ የበሬ ደም በጀሪካን ይቀዳ እንደነበር፣ ኢንዛይሙ የሚገኘው ከዚያ ደም መሆኑን፣ ባለታክሲዎቹ ጀሪካኑን ሲያዩ አናሳፍርም ይሉት እንደነበር ነገረው። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ክዳኑ ተፈናጥሮ ደሙ ሲፈስ ሰው ተርበተበተ፤ ፖሊስ ጣቢያ ወስደው ደሙ የበሬ መሆኑን የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ እስኪያረጋግጥ አቆዩት። ገዱ ሳያስበው ሳቀ። የኔሰው ወደ ጣሪያው አመለከተው። ያ ቆርቆሮ እንዳይዝግ የተለበጠው በዚሁ ዚንክ ነው፤ በአቧራው አለ፣ በእጅ አለ፣ በቧንቧው ውሃ አለ። ስለዚህ ከደሙ የወጣውን ዚንክ ከሌላው ለመለየት ብርጭቆውን ሁሉ በአሲድ ሲያጥብ ነው የኖረው። ዚንክ ደግሞ ቀለም የላትም፤ ብርሃን ቢያበሩባት አትታይም። እሷን ቀስ አድርጎ ያወጣና በቦታዋ ኮባልት የሚባል ሌላ ማዕድን ያስገባል። ያኔ የሞተው ኢንዛይም መልሶ ይሠራል፤ ፈሳሹም ሰማያዊ ይሆናል፤ ሥራውን በዚያ ቀለም ውስጥ መከታተል ይቻላል። ያን ሰማያዊ አዲስ አበባ ላይ መጀመሪያ ያየው በበዓል ቀን ነበር፤ ሕንፃው ውስጥ ሰው ስላልነበረ ዘበኛውን ጠርቶ አሳየው። ዘበኛው ቀለም እየሠራ መስሎት፣ ለበር ይሆን እንደሆነ ጠይቆት ነበር።

«አወጣህ፤ መለስክ» አለ ገዱ። «ሰላሳ ዓመት እሱን ነው?»

«እሱን ነው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያወቅን።»

ከዚያ ስለ አንድ የጎማ ውታፍ አወራለት። ከደሙ ባወጣው ሌላ ነገር ውስጥ አዲስ ዚንክ አገኘሁ ብሎ ሁለት ዓመት ለፍቷል፤ የውጭ መጽሔት አትሞለታል፤ ትልቅ ስብሰባ ላይ እንዲናገርም ጠርተውታል። አንድ ቀን ጠርሙሱን ሲያጥብ ዚንኩ የመጣው ከጠርሙሱ የጎማ ውታፍ እንደሆነ ጠረጠረ። ፈተነው፤ እውነት ሆነ። ከሱ በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለመጽሔቱ ራሱ ጽፎ ያገኘሁት የለም አለ፤ ስብሰባውም ቀረ፤ ባልደረቦቹ ብዙ ጊዜ ሳቁበት።

«ያን ጊዜ የለም ስል የተጎዳሁት እኔ ነኝ፤ ግን አልኩ» አለው። «ዛሬ አለ ብል የምጠቅመው አንተን ነው። ቢኖር ለምን እደብቅሃለሁ?»

ከሩቅ የትምህርት ቤት ደወል ተሰማ። ገዱ ያ ኢንዛይም ለመሆኑ ለምን እንደሚረባ ጠየቀ፤ ጥያቄው የንዴት አልነበረም። የኔሰው ሰሜን ተራራ፣ ጊች ላይ ከፍታው የሚያማቸው ቱሪስቶች ምን እንደሚወስዱ መልሶ ጠየቀው። ገዱ ይህን ያውቃል። ዳያሞክስ የምትባል ኪኒን ናት፤ ጋይዶቹ ቦርሳቸው ውስጥ አትጠፋም። አንዲት ፈረንጅ አምባራስ ላይ ራሷን ይዛ ስታስታውክ አድራ፣ እሷን ውጣ ካረፈች በኋላ በማግስቱ በእግሯ ስትሄድ በዓይኑ አይቷል። የኔሰውም ያቺ ኪኒን የምትሄደው ወደዚሁ ኢንዛይም መሆኑን፣ ገብታ ዚንኳ ላይ እንደምትቀመጥ፣ የኢንዛይሙን ሥራ ስታዘገየው ሰውየው ሳያውቀው ጠለቅ ጠለቅ አድርጎ እንደሚተነፍስ ነገረው። ገዱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፤ አንድ ጊዜ ሳበ፣ አንድ ጊዜ አስወጣ።

«ይህን ለእማዬ ለምን አልነገርካትም?»

የኔሰው ሊመልስ ሞከረ። እናቱ በጸሎት ወንበሯ ላይ ሆና ስትሰማው ታየችው፤ እሷም ትንፋሿ ደረቷ ውስጥ እንዴት እንደሚመላለስ ቢነግራት ደስ ይላት ነበር። ገዱም ጥያቄውን አልደገመውም። ሁለቱም ወደ ቧንቧው እያዩ ተቀመጡ። ቆይቶ ነው የኔሰው ማንጠግቦሽ ከማሳዋ ስር ምንም እንደሌለ እንደምታውቅ የነገረው። ገዱ ታዲያ ለምን ልትፈርም እንደፈለገች ሲጠይቅ ክፍል ፈልጋ እንደሆነ መለሰለት፤ ስንት ዓመት ስትለምነው የኖረችውን ክፍል። የገዱ ፊት ቀላ። ጨርቁን ከመሬት አንስቶ አጣጠፈው።

ክንዴ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ገባ። ወዲያው ማንጠግቦሽ መጣች፤ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከማሳዋ እስከዚህ ያለውን ዳገት በታመመ ጉልበቷ እያነከሰች ወጥታ። ክንዴ ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበላት። ጠላ ተቀዳ። ሽማግሌዎቹ ስለ ገብሱ አያያዝ፣ ስለ ውርጩ አወሩ። ክንዴ ወረቀቱን ከጃኬቱ አወጣና ወደ የኔሰው ዞሮ፣ ፕሮፌሰሩ አገራቸውን ባያስቡ ኖሮ ይህ ቀን እንደማይገኝ፣ አሁንም አንድ ቃል ቢመርቁላቸው ደስ እንደሚለው ተናገረ። ማንጠግቦሽ የኔሰውን አየችው። ዓይኗ አልለመነውም፤ ጠበቀው ብቻ። እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ ገዱ ቀደመው።

«ወረቀቱን መልሰው፣ ክንዴ። ከመሬቱ ስር የሚወጣ ነገር የለም። ቤቱንም አልሰጥም።»

ክንዴ መጀመሪያ ሳቀ። ወንድማማቾቹ ለብቻቸው ሊበሉ ተስማምተው እንደሆነ አሽሙር ጣለ፤ ከዚያ የገዱን ፊት አጠና። ዕድሜውን በንግድ የኖረ ሰው ነው። የሚደብቅ ሰው ይለሳለሳል፣ ቀጠሮ ያራዝማል፤ ገዱ ግን ያፈረ ሰው ፊት ነበረው። ወደ የኔሰው ዞረ። የኔሰውም አፈሩን የወሰደው ለገብሱ ጤና መሆኑን፣ ወርቅም ሆነ ኦፓል እንዳላየ፣ ሊያይም እንዳልፈለገ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃሉን ሰጠ። ክንዴ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሱቁ ተዘግቶ እንደዋለ ለሽማግሌዎቹ ነግሮ ወጣ። በማንጠግቦሽ አጠገብ ሲያልፍ አላያትም።

ሽማግሌዎቹ ጠላቸው ገና ስላላለቀ ተቀምጠው ቀሩ። ማንጠግቦሽ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ክንዴ የወጣበትን በር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰላሳ ዓመት ተምረህ አንድ ከሰዓት ዝም ማለት አቃተህ?» አለችው የኔሰውን። ድምፅዋ አልጮኸም።

እሱም እንዳቃተው ነገራት። ወንድሙ ባይሆን ዝም ይል እንደነበር ሊጨምር አስቦ፣ ይህም እውነት መሆኑን ስላላወቀ ተወው። ማንጠግቦሽ ለመነሣት ምርኩዟን ስትፈልግ ገዱ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ፊቷ ቆመ። እንደ ልማዱ ቃላቱን እየጎተተ ነበር የሚናገረው። እሱ መሬት እንደሌለው፣ እሷም የሚያርስላት እንደሌለ፣ ማሳዋን እሱ በእኩል እያረሰ ምርቱን ቢካፈሉ፣ እሷ ደግሞ ያለ ኪራይ የኋላውን ክፍል ብትገባበት ምን እንደሚመስላት ጠየቃት። በሬ ከጎረቤት እንደሚቀናጅ፣ ዘሩን እንደሚችል ጨመረ። ማንጠግቦሽ ቁልፉን አልተቀበለችም።

«እስከ መቼ?»

«በሕይወት እስካሉ።»

«ይህን በአፍህ ነው የምትለኝ?»

ገዱ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። አንደኛው ጢሙን ጠራርጎ፣ የመጡት ለመፈረም እንደሆነ፣ በየትኛው ወረቀት ላይ እንደሚፈርሙ ለነሱ ግድ እንደማይሰጣቸው ተናገረ። ከጎረቤት አንድ ባዶ ወረቀት ተለመነ። የኔሰው ጻፈው፤ ማንጠግቦሽ እያንዳንዱን ቃል ሁለት ጊዜ አስነበበችው። የጎረቤት በሬ የሚለው ላይ አስቆመችውና በሬው ባይገኝስ የሚል አስጨመረች። ልጇ ከጎንደር ስትመጣ ማደር እንደምትችል አስጨመረች። ከዚያ አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም አስቀብታ ተጫነችው። ገዱም ስሙን ጻፈ። ማታ ለይመኙሻል የሚነግራት ነገር የሚስማማት ይሁን አይሁን አያውቅም። የፊት ክፍሎቹ ኪራይ ግን አልተነካም፤ ቢያንስ ይህን ቀና ብሎ ሊነግራት ይችላል።

የኋላው ክፍል ሲከፈት የድንችና የአይጥ ሽታ ወጣ። ማንጠግቦሽ ከደፉ ላይ ቆማ ውስጡን ቃኘች። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ ጠየቀች፤ ገዱ አንድ ቦታ ብቻ እንደሚያፈስ፣ ከገና በፊት እንደሚያስደፍነው ነገራት። ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። ወንድማማቾቹ ከረጢቶቹን ተጋግዘው አወጡ፤ አልጋውን ወዴት ያዙሩላት እንደሆነ ሲጠይቋት ወጡልኝ አለቻቸው። ወጡ። በሩን ዘጋችው፤ መወርወሪያው ሲገባ ተሰማ።

ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሽማግሌዎቹ ተሰናብተው ሄደዋል፤ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች፤ አስተማሪዎቹ ደብተራቸውን ይዘው ሲገቡ ሁለቱን ሰዎች አይተው ግራ ገባቸው። ከውስጥ ድምፅ የለም። ገዱ ስትቆይበት ጉልበቷ ከድቷት ይሆናል ብሎ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ። የኔሰው ክንዱን ያዘው።

«ተዋት» አለው።

እጁን ክንዱ ላይ እንዳደረገ ቆየ። ገዱም ክንዱን አላስለቀቀም። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ መጥረጊያ መሬቱን ሲፈትግ ተሰማ፤ መጀመሪያ ከጥግ፣ ከዚያ ወደ መሐል፣ ከዚያ ወደ በሩ።